እመት ይታይሽ ከድሪቶው ላይ የተዉት ባዶ ቦታ

እመት ይታይሽ ሰኞ ጧት፣ ፀሐይ የፍኖተ ሰላምን ጣሪያዎች ማሞቅ ስትጀምር አርፈዋል። በስልክ የነገረችኝ ልጃቸው ብርቱካን ናት። «ጋሼ ልየው፣ እማዬ…» ብላ ቀሪውን መጨረስ አቃታት፤ እኔም አልጠየቅኋትም። የስፌት መኪናዬን ከድኜ፣ የሱቄን በር ገርበብ አድርጌ፣ ከድንጋጤዬ ብዛት ሜትሬን ባንገቴ እንዳንጠለጠልሁ ነው ልቅሶ ቤት የደረስሁት። አንዲት ለቀስተኛ ጎኔን ነካ አድርጋ «ኧረ ልየው፣ ሜትሩን አውርደው፤ ሬሳ ልትለካ የመጣህ ትመስላለህ» ብትለኝ እፍረት ገደለኝ። እርሳቸው ቢሰሙ ኖሮ ግን ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

ነገ አርባቸው ነው። ቤተሰቡ ለዚህ ቀን አንድ ነገር ጻፍልን ሲለኝ «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ጸሐፊ ነኝ ወይ?» ብዬ ተከራክሬ ነበር። ብርቱካን ግን «ከእማዬ ጋር ከአንተ በላይ የተጨቃጨቀ ሰው የለም፤ አንተ ጻፍ» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ስለዚህ ከቡሬም፣ ከሽንዲም፣ ከጅጋም እርሳቸውን ለመሰናበት ለምትመጡ ሁሉ፣ የማውቀውን እንደማውቀው እነግራችኋለሁ።

ለማያውቋቸው ልንገር። የእመት ይታይሽ ሥራ ድሪቶ መደረት ነበር። በእኛ አገር ድሪቶ ሰው የሚያፍርበት ልብስ ነው፤ ያጣ የነጣ ሰው ብጣሽ በብጣሽ ላይ ጥፎ የሚለብሰው። እርሳቸው ግን የሚደርቱት ለመልበስ አልነበረም። አንድ ቀበሌ፣ አንድ ማሳ፣ አንድ የቤት ደጅ ይመርጡና፣ በዚያ ቦታ የኖሩ ሰዎችን ያለቀ ልብስ ለምነው፣ ቦታውን ራሱን በጨርቅ ይሠሩታል። የገበሬው አረንጓዴ ካኪ ቁምጣ ሲያልቅ የበቆሎ ማሳ ይሆናል። የአሮጊቷ ነጠላ ጭጋግ ይሆናል። የሙሽራዋ መቀነት ወንዝ ሆኖ በመካከል ይወርዳል። ከላይ ብጣሹ፣ ከመካከል የተነደፈ ባዘቶ፣ ከስር አቡጀዲ፤ ሦስቱን አንድ ላይ በእጅ መርፌ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ሲሰፉት ጨርቁ እንደ እርሻ ትልም ከፍ ዝቅ ይላል። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሰው እጁን ሳያሳርፍበት አያልፍም።

ከባሕር ዳር የመጡ የሥነ ጥበብ መምህራን አንድ ጊዜ አይተው «ይህ የጨርቅ ሥዕል ነው፤ ድሪቶ ባይባል ይሻላል» ቢሏቸው፣ እመት ይታይሽ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው «ድሪቶ ነው ልጆቼ። ስሙ ምን በደላችሁ?» አሏቸው።

እኔ መጀመሪያ ያወቅኋቸው ቆሻሻዬን ሲለምኑኝ ነው። ከገበያው አጠገብ ካለው ሱቄ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራይተው በገቡ ማግስት፣ ከመኪናዬ ስር የጠረግሁትን ብጣሽ ልጥል ስወጣ «ምነው ልጄ፣ ለእኔ አትሰጠኝም?» አሉኝ።

«እመት፣ ይኼን ምን ሊያደርጉበት ነው?»

«አገር ልሠራበት።»

እኔ ሳቄን መያዝ አልቻልሁም። ለደንበኛ ሁሉ «ጎረቤቴ አገር እየሰፉ ነው፤ ያረጀ ቁምጣ ያላችሁ አምጡ፣ አውራጃ ትሆናላችሁ» እያልሁ ስቀልድ ከረምሁ። እርሳቸውም ይሰሙኛል፤ የሚለየን ስስ ግድግዳ ነዋ። አንድ ቀን ከወዲያ ሆነው «ልየው፣ ደንበኛ ስታመጣልኝ ውለሃል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ለካ በእኔ ቀልድ የሰሙ ሰዎች እውነትም ያረጀ ልብሳቸውን ይዘው እርሳቸው ዘንድ ሲገቡ ሰንብተዋል።

ቀልዴን ያስቆመኝ አንድ የገበያ ቀን ነው። እመት ይታይሽ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጎጥ ሠርተው ጨርሰው ኖሮ፣ ድሪቶውን በበረንዳችን ሽቦ ላይ አሰጡት። ጋሪ ነጂው ጋሪውን አቆመ፤ የባጃጁ ልጅ ሞተሩን አጠፋ። አንድ ገበሬ ከነዱላው መጥቶ አፍጥጦ ካየ በኋላ «ወየው! ይች የኔ ማሳ አይደለችም?» አለ። ጎረቤቱም አብሮት ነበርና ጠጋ ብሎ አየ። ምን ቢል ጥሩ ነው? «እመት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድንበሬን አንድ ክንድ ገፍተውብኛል!»

ሁለቱ ሰዎች በጨርቅ ላይ በመሬት ሊካሰሱ ጀመሩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እመት ይታይሽ ግን አልሳቁም። ወንበር አስመጡ፣ ሁለቱንም አስቀመጧቸው፣ የጨርቁን ጫፍና ጫፍ አስያዟቸው፣ መቀሳቸውን አውጥተው የድንበሩን ስፌት መፍታት ጀመሩ። «እኔ ዳኛ አይደለሁም። መርፌዬ ተሳስታ ይሆናል። የት እንደሆነ ሁለታችሁም ተስማምታችሁ አሳዩኝና እሰፋዋለሁ» አሉ። ሰዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨርቁን ይዘው ሲከራከሩ፣ ሲያስታውሱ፣ የዋንዛዋን ዛፍ፣ የአባቶቻቸውን የድንበር ድንጋይ ሲያነሱ ቆዩና አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን እኩል አሳረፉ። እርሳቸውም እዚያው ሰፉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሾፍ ትቼ መማር ጀመርሁ።

መምህርነታቸው ቀላል አልነበረም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሱሪ የሰፋሁ፣ የሙሽራ ካባ የሠራሁ ሰው፣ በእርሳቸው ፊት እንደ ጀማሪ ነበርሁ። ስፌቴን አገላብጠው ያዩና አንድ ቃል ብቻ ይናገራሉ፤ «ፍታው።» እፈታለሁ። እንደገና እሰፋለሁ። «ፍታው።» አንድ ቀን ተናድጄ «እመት፣ ምኑ ነው የሚፈታው? ቀጥ ያለ ስፌት አይደለም ወይ?» ብላቸው፣ «ቀጥ ማለቱ ነው ጥፋቱ። ይህ የላህ ወንዝ ዳር ነው፤ ላህ መቼ ቀጥ ብሎ ወርዶ ያውቃል?» አሉኝ። ፈታሁት።

ደግነታቸውም እንደ ሥራቸው የእጅ ነበር። መስከረም ሲገባ የተቀደደ የደንብ ልብስ ይዘው ለሚመጡ የድሃ ልጆች በነጻ ይጥፉላቸዋል። ያን ጊዜ ግን ጥፉ ሁልጊዜ ከውስጥ ነው፤ ከውጭ እንዳይታይ ክሩን ከጨርቁ ቀለም ጋር ሲያመሳስሉ ዓይናቸው እስኪፈስ ይለፋሉ። ይህን ያህል ጊዜ ለምን ያጠፋሉ ብላቸው «ልጅ ከክፍል ሲገባ ልብሱ ቀድሞ እንዳይናገርበት ነው» አሉኝ። የራሳቸውን ጥፍ ለሰው ሁሉ የሚያሳዩ ሴት፣ የልጁን ጥፍ እንዲህ ይደብቁለት ነበር።

ሥራቸውን የሚጀምሩት ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነው። ቦታው ላይ ሄደው ግማሽ ቀን ቁጭ ይላሉ፤ ከዚያ የቤቱን ሰው «ከመንገድ ስትመለሺ ቤትሽ መድረስሽን መጀመሪያ በምን ታውቂያለሽ?» ይላሉ። አንዷ በውሻዬ ጩኸት ትላለች። አንዱ የብሳናዋ ጥላ ከእግሬ ላይ ሲያርፍ ይላል። አንዲት የቡሬ ሴት «በርበሬ ሲሰጣ ያስነጥሰኛል፤ ካስነጠሰኝ ደርሻለሁ» ብላቸው በሳቅ ሞተው ነበር። መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ድሪቶው መካከል የሚገባው እርሱ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ይህን የማያውቅ ሰው ለምን እንደማመሰግናቸው ሊገባው አይችልም።

በሽንዲ ገጠር የሚኖሩ ወይዘሮ አዛነች የሚባሉ ሴት አሉ። ገና ያልተዳረ፣ ጎልማሳ፣ ጎበዝ አራሽ ልጃቸው በአጭር ሕመም ሞተባቸው። በዓመቱ፣ የሚያርስበትን ማሳ እንዲሠሩላቸው ለእመት ይታይሽ ጋቢውን አመጡላቸው። ከማሳው ሲመለስ የለበሰው የመጨረሻ ጋቢ ነው። ወይዘሮ አዛነች ዓመት ሙሉ ከሣጥን ውስጥ አስቀምጠውት ኖረዋል። እመት ይታይሽ በዚያ ቀን ባዘቶ ሊገዙ ቡሬ ወርደው ስለነበር የተቀበልኋቸው እኔ ነኝ። «ለእመት ይታይሽ አደራ ስጥልኝ» ብለውኝ ሄዱ።

ጋቢውን ብዘረጋው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጭቃ ነው። እኔ ከአባቴ የተማርሁት ደንብ አለኝ፤ ከሐዘን ቤት የመጣ ልብስ ታጥቦ፣ በካውያ ተተኩሶ ነው መቀስ የሚነካው። ለሟቹም ክብር ነው፣ ለሰፊውም ንጽሕና። እመት ይታይሽ ሲመጡ ደስ ይበላቸው ብዬ ሳፋ አወጣሁ፣ ሳሙና ገዛሁ፣ ክንዴን ሰብስቤ አሸሁት። ውኃው ሦስት ጊዜ ቀይ ሆነ። በአራተኛው ጠራ። ጋቢው እንደ አዲስ ነጭ ሆኖ በሽቦው ላይ ሲወዛወዝ፣ እኔ ከስር ቁጭ ብዬ ራሴን ሳደንቅ ነበር።

እመት ይታይሽ ሲመጡ ከሩቅ አዩት። «የማን ነው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ከደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ የያዙትን የጥጥ ፌስታል እንኳ ከእጃቸው አላስቀመጡም። እኔ አሁንም አልገባኝም። «ምነው እመት፣ ቀለሙ ለቀቀ እንዴ?» አልሁ።

«ልየው፣ አዛነች ያመጣችው እኮ ጋቢውን አልነበረም» አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ያ ጭቃ ነበር ልጁ፤ የመጨረሻ ቀኑ፣ እግሩ፣ ላቡ፣ ማሳው። እኔ በሳሙና አሽቼ ከቦዩ ውስጥ ደፋሁት።

«እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እኔ ፊታቸውን ማየት አልችልም» ብዬ ለመንኋቸው። እመት ይታይሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ መች አጠብሁት? ያጠበ ይንገራት። ነገ አብረን እንሄዳለን፤ ከጎንህ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ በላይ አትጠብቀኝ» አሉኝ።

በማግስቱ ሄድን። ሐምሌ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ፣ ሰማዩ ጥቁር። ወይዘሮ አዛነች ደጃቸው ላይ ተቀበሉን፤ «ግቡ፣ ግቡ፣ በዝናብ?» እያሉ ሲሯሯጡ ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ነገርኋቸው። ጋቢውን ከእጄ ወሰዱ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። የሳሙናው ሽታ ነበር የመጣላቸው።

«ልጄን አጠብህብኝ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አለቀስሁ፣ አለቀሱ። እመት ይታይሽ ከጎኔ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። «አይዞሽ» አላሉም፤ «ሳያውቅ ነው» ብለውም አልተከላከሉልኝም። ልቅሶው ጋብ ሲል ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፤ «አዛኑ፣ ልጅሽ ከእርሻ ሲመለስ መምጣቱን መጀመሪያ በምን ታውቂ ነበር?»

ወይዘሮ አዛነች «ኸዚያ ድንጋይ ላይ» አሉና ወደ በራፉ ጠቆሙ። «እግሩን ጠፍ ጠፍ ያደርጋል ጭቃው እንዲረግፍለት። ቤቴን አታቆሽሽብኝ እያልሁ ስለምቆጣው። ያንን ስሰማ መጣ እላለሁ።»

«ጭቃው ከየት ነበር የሚመጣው?»

«ኸማሳው ነዋ።»

«ማሳው አለ?»

«አለ። እኔ ግን ኸሞተ ወዲህ እግሬን አሳርፌበት አላውቅም።»

እመት ይታይሽ ተነሡ። እጃቸውን ዘረጉላቸው። ሦስታችን በዝናቡ ወደ ማሳው ወረድን፤ ጋቢውን የያዙት ወይዘሮ አዛነች ናቸው። ማሳው ዳር ሲደርሱ ቆሙ፤ እኔም የሚመለሱ መሰለኝ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ልጃቸው ያርስበት ከነበረው ትልም ላይ ጋቢውን ዘረጉት፤ በራሳቸው እግር ረገጡት፣ በራሳቸው እጅ አሹት። እያለቀሱ ነበር፤ ግን ከልጃቸው ጋር እየተነጋገሩም ነበር፤ ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ጎረቤት። እኔና እመት ይታይሽ ዳር ቆመን ዝናቡ መታን። የዚያ ድሪቶ መካከል አንድ የበራፍ ድንጋይ ነው፤ ከላዩም ጭቃ የያዘ የጋቢ ቁራጭ አለ። ዛሬም በወይዘሮ አዛነች ቤት ተሰቅሏል።

ይቅርታ አድርገውልኝ እንደሆነ ለወራት አላወቅሁም። ኋላ አንድ የገበያ ቀን የባለቤታቸውን የተቀደደ ሸሚዝ ይዘውልኝ መጡና ከጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርገው «ይችን ግን እጠባት፤ በላብ ገማች» አሉኝ። እመት ይታይሽ ከወዲያ ክፍል ሲስቁ ሰማሁ። ወይዘሮ አዛነችም ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሸሚዙን አጠብሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ እያለኝ ልብስ አጥቤ አላውቅም።

እመት ይታይሽ ያን ቀን ሊያዋርዱኝ ይችሉ ነበር። ሊሸፍኑልኝም ይችሉ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም፤ ጥፋቴን ለእኔ ትተው ከጎኔ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜ ስንት ጊዜ ይገኛል?

በመጨረሻ ዓመታቸው ትልቁን ድሪቶ ጀመሩ። ግድግዳ ሙሉ የሚሸፍን ነው፤ በሕይወት ዘመናቸው የሠሯቸው ቦታዎች ሁሉ ያሉበት፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ ሽንዲ። ሁላችሁም ቁራጭ ሰጥታችሁበታል። ከፈጣም ወንዝ አጠገብ ግን እንደ መዳፍ የምትሆን አንዲት ቦታ ባዶዋን ቀረች፤ ከስር ያለው አቡጀዲ ብቻ ይታያል። «ይች የማን ናት?» ብላቸው «የኔ ናት። የተወለድሁባት» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ባዶ ሆነች?»

«ጨርቅ የለኝማ። ተድሬ ስወጣ ልጅ ነበርሁ፤ የለበስሁትም የሙሽራ ልብስ ከባል ቤት የመጣ ነበር። አባት እናቴ ሞቱ፣ ቤቱ ፈረሰ፣ ወንድሞቼ ተበተኑ። ኸዚያ ቦታ አንዲት ክር እንኳ የለኝም።»

እኔም አፌን መያዝ አላውቅበትምና፣ ለሰው ሁሉ የሚጠይቁትን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «እመት፣ እርስዎስ ሲመለሱ ቤትዎ መድረስዎን መጀመሪያ በምን ያውቃሉ?»

መርፌያቸው ቆመ። «እኔ እንጃ ልየው» አሉ። «ተመልሼ አላውቅማ።»

የአገሩን ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመልሱ የኖሩ ሴት ወደ ራሳቸው ቤት አንድ ቀን አልተመለሱም። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ «ይነሡ፣ እንሂድ» አልኋቸው። «ለማን ብዬ? ማን አለኝና?» ብለው ተከራከሩኝ። «እርስዎ ሽንዲ ሲወስዱኝ እኔ ለማን ብዬ ነበር?» አልሁ። ነጠላቸውን አነሡ።

ቡሬ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በጋሪ፣ ከዚያ በእግር። ዝናብ ጥሎ ነበር። ቦታው ላይ ቤት የለም፤ የባሕር ዛፍና አንድ ጥግ ማሳ ብቻ ነው። እመት ይታይሽ ወዲህ ወዲያ አዩ። «አይደለም መሰለኝ። አላወቅሁትም» አሉ። ልንመለስ አንድ እርምጃ ሲራመዱ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ገባ። ቀይ፣ የሚይዝ ጭቃ ነው። ሊያወጡት ሲታገሉ ጫማቸው ቀረ፤ ሌላው እግራቸውም ገባ፤ ከዚያ ከነቀሚሳቸው ቁጭ አሉ። ላነሣቸው ብሮጥ በእጃቸው ከለከሉኝ። እየሳቁ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ እንባቸው ይወርዳል፣ ይስቃሉ።

«ልየው፣ አልለቅም አለኝ እኮ! ሕፃን ሆኜም እንዲሁ ነበር የሚይዘኝ። እናቴ ነበረች ጎትታ የምታወጣኝ። ይኸው፣ ይኸው ነው!»

ሲመለሱ በጋሪው ላይ አንዲት ሴት «ኧረ እናቴ፣ ቀሚስዎን ያራግፉ» ብትላቸው «ቆይ፣ ይድረቅ» አሉ። ቤታቸው ገብተው ቀሚሱን አውልቀው በፌስታል አስቀመጡት። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ታመሙ፤ ከአልጋ አልተነሡም። ስለ ባዶዋ ቦታ አንድ ቃል አልተናገሩኝም።

ከቀብሩ በኋላ ባሉት ቀናት የሟች ልብስ ታጥቦ ለነዳያን ይሰጣል። ደንባችን ነው። እኔ ከሱቄ ቁጭ ብዬ የሰው ሱሪ ስዘመዝም ድንገት ይህ ትዝ አለኝ። እግዚኦ! ሱሪውን ጥዬ ሮጥሁ። ባጃጅ አስቁሜ «ቶሎ!» አልሁት፤ ልጁም «ጋሼ፣ ማን ታመመ?» አለኝ። ብርቱካን ግቢ ውስጥ ሳፋ አስቀምጣ፣ ሳሙናውን መትታ፣ ልብሶቹን አንድ በአንድ ትነክራለች። ያ ቀሚስ በእጇ ነበር። ከውኃው አንድ ስንዝር አልራቀም። ቤት ያለው ለቀስተኛ ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ጮኽሁ፤ «ብርቱካን! እንዳትነኪው!»

«ጋሼ ልየው፣ ምን ሆንህ? የእናቴን ልብስ ከነጭቃው ለሰው ልስጥ?» አለችኝ፤ ተቆጥታለች፣ ደግሞም ልክ ናት።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነገርኋት፤ የሽንዲውን ጋቢም፣ የፈጣሙን ጭቃም። ብርቱካን እናቷ ወደ ተወለዱበት መሄዳቸውን እንኳ አልሰማችም ነበር። ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጭቃውን በጣቷ ስትዳስስ ቆየች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ የእናቷን መቀስ አመጣች። እኔ ልቀበላት እጄን ብዘረጋ «እኔ እቆርጠዋለሁ» አለች። ከጫፉ መዳፍ የምታህል ቆረጠችልኝ፤ የቀረውን ደግሞ አጥፋ በሣጥኗ አኖረችው።

እመት ይታይሽ፤ አሁን ከእርስዎ ጋር ልነጋገር። ሰው ይስማን፤ ግድ የለም።

ትልቁ ድሪቶዎ ትናንት ከሰዓት በኋላ አልቋል። ነገ በደጀ ሰላሙ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ወይዘሮ አዛነችም ከሽንዲ ተነሥተዋል፣ ድንበር የተካሰሱት ሁለቱ ሰዎችም እኛ እንይዘዋለን ብለዋል። የመጨረሻዋን ስፌት የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጠማማ ናት። ባሉበት ሆነው «ፍታው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይህችን አንዷን ግን አልፈታትም፤ ይለፉኝ። ፈጣምም ቀጥ ብሎ አይወርድም።

ስላሳቁኝ፣ ስላስፈቱኝ፣ በዚያ ዝናብ ከጎኔ ስለተቀመጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ለእርስዎ የመለስሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባዶዋ ቦታ ባዶ አይደለችም፤ ቀዩ ጭቃ ከነቀሚስዎ እዚያው ይዟል፣ ስነካው ጣቴን ያቀላዋል። ያጠበ ይንገር ብለውኝ አልነበር? ነገ በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ የምናገረው ይህንኑ ነው። ቤትዎ ይግቡ፣ እመት ይታይሽ። አላጠብሁትም።